አደራን ማን ይጠይቃል?

ከአንድ የሕግ ተማሪ

እኛ ኢትዮጵያውያን ከምናከብራቸው ቃሎች አንዱ አደራ ነው። ሰው በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ወንድሙን «ልጆቼን አደራ» ያለው እንደሆነ ያ ቃል ከማናቸውም ወረቀት ይልቅ ይከብዳል። አደራ በላ የሚለውም ስድብ ሌባ ከሚለው የበለጠ ያሳፍራል፤ ለምን ቢሉ ሌባ የማያውቀውን ሲሰርቅ አደራ በላ ግን የሚያምነውን ይገፋልና። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። አደራን የምናከብረው በአፋችን ነው እንጂ በአሠራራችን አይደለም። አደራው ሲሰጥ ብዙ ምስክር ይቆማል፤ አደራው ሲበላ ግን የሚያይ እንጂ የሚጠይቅ አይገኝም። ጎረቤት ያውቃል፤ ዘመድ ያውቃል፤ የዕድር ሰው ያውቃል። ሁሉም በሹክሹክታ ያዝናል፤ ተነሥቶ «ሒሳቡን አሳየን» የሚል ግን የለም።

ስለዚህ በዚህች ጋዜጣችን ላይ አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። ስለ ራሱ መናገር የማይችል ሰው፣ ይኸውም ሕፃን ልጅ፣ አእምሮው የታመመ ሰው፣ በእርጅና ብዛት ማስታወስ የተሳነው ሽማግሌ፣ ጠባቂው በበደለው ጊዜ አቤት የሚልለት ማነው? አቤቱታውንስ ተቀብሎ የሚመረምረው የትኛው ደጅ ነው?

«ይህ ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሦስት በኩል ይመለከተዋል። አንደኛ፣ ከመካከላችን አባትና እናታቸው ሞተውባቸው በአጎት ወይም በአክስት እጅ አድገው እዚህ የደረሱ አሉ። 18 ዓመት ሲሞላቸው ሞግዚትነቱ በሕግ አብቅቷል፤ ነገር ግን የአባታቸው ቤት ኪራይ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ የጡረታው አበል ወዴት እንደ ገባ ለመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያልተነገራቸው ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ወላጆቻችን እያረጁ ነው፤ ነገ ውክልናውን ተቀብለን ገንዘባቸውን የምንይዝ፣ ቤታቸውን የምናስተዳድር እኛ ነን። ሦስተኛ፣ ከዚህ ግቢ የሚወጣው ወጣት ነገ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሐኪም፣ መምህር ወይም የመዝገብ ቤት ሹም ይሆናል። አቤቱታ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው እኛን ነው ማለት ነው።

እንግዲህ አስቀድመን ሕጋችን የሚለውን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጅን ጥበቃ ለሁለት ከፍሎታል። የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቀው አሳዳሪ ይባላል፤ ንብረቱን የሚያስተዳድረውና በሕግ ፊት የሚወክለው ደግሞ ሞግዚት ይባላል። ሁለቱንም ሥራ አንድ ሰው ሊይዘው ይችላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ክፍፍል ጠብቋል፤ ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ወላጅ በኑዛዜው ሞግዚት ያልሾመ እንደሆነ ሕጉ ፊቱን ወደ ቅርብ ዘመድ ያዞራል፤ ሰው የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ይሾማል። ሞግዚቱ የልጁን ንብረት ዘርዝሮ እንዲይዝ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የልጁን ቤት እንዳይሸጥ፣ ሥራው ሲያበቃ ሒሳብ እንዲያስረክብ ታዟል። ሥራውን በሚገባ ያልሠራውን ሞግዚት ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል።

ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አእምሮው በታመመ ጊዜስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ፍርድ ቤት ያንን ሰው ለጤናውና ለጥቅሙ ሲል «በፍርድ የተከለከለ» ብሎ በሞግዚት ሥር እንዲያውለው ይፈቅዳል። ይህንንም ማመልከቻ ማቅረብ የሚችሉትን ቁጥር 353 ለይቶ ጠርቷቸዋል፤ እነርሱም ሕመምተኛው ራሱ፣ ባሉ ወይም ሚስቱ፣ የሥጋና የጋብቻ ዘመዶቹ፣ እንዲሁም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ለሙት ልጆች የተለየ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች እንዲረዳ ያዝዛል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ታዲያ ምን ጎደለ?» ይል ይሆናል። የጎደለው በጎ ሐሳብ አይደለም፤ የጎደለው ጠያቂ ነው። ፍርድ ቤት በተፈጥሮው ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው። ሰው መጥቶ አቤት ካላለ ዳኛው ተነሥቶ የሙት ልጅ ቤት ደጃፍ አይቆምም፤ ይህም የዳኛው ስንፍና ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው። እንግዲያውስ ማን ይምጣለት? ልጁ እንዳይመጣ ልጅ ነው። ሕመምተኛው እንዳይመጣ በቤት ተዘግቶበታል፤ ቢመጣም «እብድ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ዘመድ እንዳይመጣ ሞግዚቱ ዘመዱ ነው። ጎረቤትና መምህር እንዳይመጡ በቁጥር 353 ከተጠሩት መካከል የሉም፤ ማመልከት የሚችለውን ዐቃቤ ሕግ ለመቀስቀስ መንገዱን የሚያሳያቸው ሰው የለም።

የ1952ቱ ሕግ ለቤተ ዘመድ ጉባኤ ሰፊ ሥራ ሰጥቶት ነበር፤ ሞግዚቱን እንዲመክርና እንዲቆጣጠር ነበር ሐሳቡ። የ1992ቱ ሕግ ይህን ሥራ ወደ ፍርድ ቤት አዛወረው። ማዛወሩ ምክንያት ነበረው፤ ዘመድ በዘመዱ ላይ ሲፈርድ ያዳላልና። ነገር ግን ከዘመድ እጅ የወጣው የቁጥጥር ሥራ በብዙ መዝገብ ተጨናንቆ ለሚውል ዳኛ ተሰጠ እንጂ፣ ሞግዚቶችን ብቻ የሚከታተል፣ በየዓመቱ ሒሳባቸውን የሚመረምር፣ ቤት ድረስ ሄዶ የሚጎበኝ መሥሪያ ቤት በሕጉ አልተቋቋመም። ስለዚህ ነገሩ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ቤቱ ከተሸጠ፣ ገንዘቡ ከባከነ፣ ልጁም ከትምህርት ከወጣ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ይህን ጥያቄ ሌሎች አገሮች እንዴት እንደ መለሱት ማየት ይጠቅመናል፤ ለመቅዳት ሳይሆን ለማመዛዘን። በእንግሊዝና በዌልስ የአእምሮ ችሎታን የሚመለከት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፤ በ2007 ሥራ ላይ ሲውልም የሕዝብ ሞግዚት የሚባል ሹም ከነጽሕፈት ቤቱ ተቋቋመ። ስሙ ሞግዚት ይባል እንጂ ዋና ሥራው ራሱ ሞግዚት መሆን አይደለም፤ የአዋቂ ሰዎችን ጉዳይ በአደራ የያዙትን መቆጣጠር ነው። ሰው ገና በደኅናው ጊዜ ነገ ቢደክም ጉዳዩን የሚይዝለትን ወኪል ይመርጣል፤ ውክልናውም የሚሠራው በዚህ ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ በኋላ ነው። ሳይወክል አእምሮው የደከመበት እንደሆነ ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ የቆመ ልዩ ፍርድ ቤት እንደራሴ ይሾምለታል። ንብረት የሚይዘው እንደራሴ ጥፋት ቢያደርስ ለተበዳዩ መካሻ የሚሆን ዋስትና እንዲያስገባ ይታዘዛል፤ ስለ ሥራውም ለጽሕፈት ቤቱ በየጊዜው መግለጫ ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ጎብኚ ይልካል፤ ጎብኚውም ከሞግዚቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰውየው ጋር ራሱ ይነጋገራል።

ከሁሉ የበለጠ የማረከኝ ግን ይህ ነው። በዚያ አገር አንድ ሰው ወኪሉ ወይም እንደራሴው እየበደለው ነው ብሎ የሚሠጋ ማንኛውም ሰው፣ ዘመድ ይሁን ጎረቤት፣ የባንክ ጸሐፊ ይሁን አስታማሚ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ማስታወቅ ይችላል። ጥፋቱን በማስረጃ ማረጋገጥ የእርሱ ዕዳ አይደለም፤ የመርማሪው ሥራ ነው። የዚህ ሰው ጉዳይ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ የሚፈልግም መዝገቡ እንዲታይለት ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላል። ጽሕፈት ቤቱ የሥልጣኑን ወሰን አስቀድሞ ይናገራል፤ ሕይወት ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ወደ ፖሊስ፣ ሰውየው ወኪልም እንደራሴም የሌለው እንደሆነ ወደ አካባቢው አስተዳደር ይመራል። አቤት ባይ ከደጅ ወደ ደጅ ሲንከራተት እንዳይውል ማለት ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያጠፋ እንደሆነስ? ለዚህም መንገድ አለው። አቤቱታው መጀመሪያ ለዚያው ለመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል፤ መልሱ ያላረካው ሰው ወደ በላይ ኀላፊ ያደርሰዋል፤ ከዚያም በምክር ቤት እንደራሴው አማካይነት ጉዳዩን ወደ እንባ ጠባቂው ይወስዳል። ጥፋትም አልታጣም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ለውክልና ምዝገባ ከሚገባው በላይ ሲከፈል ኖሮ፣ መንግሥት በ2018 ትርፉን ለከፋዮቹ ለመመለስ ተገድዷል። በ2017ም ለብዙ ዓመታት በዚያ ልዩ ፍርድ ቤት የዳኙት ዴንዚል ላሽ ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ፣ የውክልናው ሕግ በቂ መጠበቂያ የለውም ብለው በአደባባይ አስጠንቅቀዋል። ይህን የምጠቅሰው የእንግሊዝ ሥራ ያለ ነውር ነው እንዳይባል ነው። ልዩነቱ ግን ነውሩን የሚጠይቅ ደጅ መኖሩ ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በአውስትራልያ፣ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ የሕዝብ ተሟጋች የሚባል ሹም ተቋቁሟል። ይህ ሹም ከእንግሊዙ የሚለየው፣ ሌላ ተገቢ ሰው የታጣለት ችግረኛ ሲገኝ ራሱ ሞግዚት ሆኖ የሚሾም በመሆኑ ነው። ከሥሩም የማኅበረሰብ ጎብኚዎች የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ እነዚህ የአእምሮ ሕመምተኞችና የአካል ጉዳተኞች የሚኖሩባቸውን ቤቶች እየዞሩ ይጎበኛሉ፤ ያዩትንም ያስታውቃሉ። ደመወዝተኛ ሠራዊት አይደሉም፤ ዓይንና ጆሮ ያላቸው ተራ ዜጎች ናቸው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል ብዬ እገምታለሁ።

የመጀመሪያው «የቤት ገመና ለውጭ ሰው አይነገርም» የሚል ነው። ገመናን መሸፈን መልካም ባሕል ነው፤ ነገር ግን ገመና የሚባለው የቤተ ሰቡ ሁሉ ምስጢር ሲሆን ነው። አንዱ በልቶ ሌላው ሲራብ ያ በደል እንጂ ገመና አይደለም። ዝም ያለም ሰው የቤቱን ክብር አልጠበቀም፤ የበዳዩን ኪስ ጠበቀ እንጂ።

ሁለተኛው «አገራችን ድኻ ናት፤ ለዚህ ሁሉ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። የምጠይቀው ሕንጻ አይደለም። የሞግዚትነት ማስረጃ የሚሰጠው በፍርድ ቤት ነው፤ እንግዲያውስ ማስረጃ የሰጠ ፍርድ ቤት ለማን፣ መቼ፣ ስለ የትኛው ልጅና ንብረት እንደ ሰጠ በአንድ መዝገብ አሰባስቦ ቢይዝ፣ በዓመት አንድ ጊዜም «ሒሳብህን አምጣ» ብሎ ቢጠራ፣ ወጪው የአንድ ትጉ ጸሐፊ ደመወዝ ነው። የተጠየቀ ሰው ይጠነቀቃል፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ የሰውን ገንዘብ የራሱ አድርጎ ያስባል። አብዛኛው አደራ በላ ክፉ ሆኖ አልተወለደም፤ ጠያቂ ስላጣ ክፉ ሆነ እንጂ።

ሦስተኛው «ደጁ ለሁሉ ቢከፈት ቂመኛው ሁሉ በሐሰት እየከሰሰ ደግ ሞግዚትን ያስመርራል» የሚል ነው። ይህ ከሦስቱ ብርቱው ነው። የወንድማቸውን ልጆች ከራሳቸው ልጆች ሳይለዩ ያሳደጉ አጎቶችና አክስቶች ብዙ ናቸው፤ እነርሱን ማዋረድ አይገባም። መልሱ ግን ደጁን መዝጋት አይደለም። ማስታወቅና መክሰስ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን እንወቅ። ያስታወቀ ሰው አልፈረደም፤ «ይታይ» አለ እንጂ። ሒሳቡን በየዓመቱ ያስመዘገበ ደግ ሞግዚትም ሐሜተኛ ሲነሣበት የሚመክትበት ጋሻ ያገኛል። ዛሬ ግን ደጉም ክፉውም ያለ መዝገብ ስለሚኖሩ፣ ልጁ ባደገ ጊዜ ደጉን ከክፉው መለየት ያስቸግራል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አይዘንጋ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ በአንቀጽ 12 የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለበት ሰው በሕግ ፊት ከሌላው ጋር እኩል መሆኑን ይናገራል፤ ለመወሰንም የሚያስፈልገውን ድጋፍ እንዲያገኝ ያዝዛል። ስለዚህ የምንከፍተው ደጅ መጀመሪያ መከፈት ያለበት ለባለቤቱ ለራሱ ነው። አንደበቱ የተያዘ፣ ወይም ነገሩ የማይገጣጠም ሰው ሁሉ የሚለው የለውም ማለት አይደለም። ማን እንደሚመግበው፣ ማን እንደሚመታው፣ ከማን ጋር መኖር እንደሚወድ ያውቃል። እርሱን ሳይጠይቁ ስለ እርሱ መወሰን ሁለተኛ በደል ነው።

ያ ደጅ እስኪከፈት ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ዛሬም ቢሆን የሚሠራ መንገድ አለና፣ ለሚጨነቅ ወንድምና እህት የሚከተለውን እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ያየኸውንና የሰማኸውን ለይተህ ጻፍ። «ልጁ ተጎዳ» ማለት አይበቃም፤ በየትኛው ቀን ምን እንዳየህ፣ ቤቱን ማን እንደ ተከራየው፣ ልጁ ከትምህርት መቼ እንደ ቀረ ይጻፍ። ቀጥሎ ሞግዚቱን የሾመው የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አጣራ፤ የመዝገቡ ቁጥር ወይም የውሳኔው ግልባጭ ከተገኘ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ለመሻር የሚቀርበው አቤቱታ የሚሄደው ወደዚያው ፍርድ ቤት ነውና። ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ሥጋት ካለ ፍርድ ቤቱ ዕግድ እንዲሰጥ በአቤቱታው ላይ በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ ከተሸጠ በኋላ መሟገት እጅግ ይከብዳል። ዘመድ ያልሆነ ሰው ጉዳዩን በጽሑፍ ለዐቃቤ ሕግ ያመልክት፤ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ያስታውቅ። ድብደባ ወይም ሌላ ወንጀል ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ፖሊስ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ ያጉላላው እንደሆነ በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እርሱ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አይመረምርም፤ የአስተዳደር በደልን ግን ይመለከታል። በዳኛ ጠባይ ላይ ቅሬታ ያለውም ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል። የጠበቃ ገንዘብ የሌለው ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤቶች ወደ ከፈቷቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይሂድ። ወደ የትኛውም ደጅ ቢሄድ የማመልከቻውን ቅጂ በእጁ ያስቀር፤ የተቀበለውም ጸሐፊ ቀንና ቁጥር እንዲጽፍበት ይጠይቅ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

ለመምህሮቻችንና ለማኅበራችን መሪዎችም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሕግ ተማሪው ሞግዚትነትን ለፈተና ብቻ አጥንቶ የሚረሳው አይሁን። በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቻችን የሞግዚትነትን ጉዳይ የሚከታተል አንድ ጠረጴዛ ይለይ። ከሕግ፣ ከማኅበራዊ ሥራና ከሕክምና ትምህርት የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች፣ ፍርድ ቤት ሲፈቅድላቸው፣ በሞግዚት ሥር ያሉ ልጆችንና ሕመምተኞችን እየጎበኙ ያዩትን ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ያቅርቡ። የቪክቶሪያ ተራ ዜጎች የሚሠሩትን እኛ የተማርን ነን የምንል መሥራት ያቅተናል ማለት አይቻልም። ከዚህ ሥራ የምናገኘው ልምድም ነገ ቁጥጥሩን በሕግ ለማቋቋም ለሚነሣው ሁሉ መነሻ ይሆነዋል።

በመጨረሻም ጥያቄውን እያንዳንዳችን ወደ ራሳችን እንመልሰው። በሰፈራችን ወይም በዘመዶቻችን መካከል አደራው እየተበላ መሆኑን እያወቅን ዝም ያልንለት ሰው የለምን? ካለ፣ የሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ሳያልፍ ቢያንስ አንድ ማመልከቻ እንጻፍለት። አደራ የሚጠየቀው በሰማይ ብቻ ነው ብለን የተውነው እንደሆነ፣ በምድር ያለው ልጅ ሳይጠየቅለት ያድጋል፤ ያ ሽማግሌም ሳይጠየቅለት ይሞታል።